ሰማንያ ዓይን

ሰፈሩ በሙሉ ተኳሿ ይላታል። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ እንግዳ ዘወር ብሎ ያያታል፤ ጠመንጃዋን የሚፈልግ ይመስላል። የምትተኩሰው ግን አንሶላ ነው። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የሐኪም ጋዋን ስትተኩስ ኖራለች። ቀኝ ክንዷ ከግራው ይወፍራል፤ ካውያው ስንት ቦታ እንዳቃጠላት ቆጥራው አታውቅም። "ወንድሜን ተኩሼ ነው ያሳደግኩት" ትላለች ስትቀልድ። ቀልድ ይሁን እንጂ ሐቅ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ እሱ ስድስት። በማግስቱ ልብስ ማጠቢያው ገባች፤ እሱ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ቢሮ ገብቶ፣ ከረባት አስሮ፣ ሚስት እስኪያገባ ድረስ ከዚያ ክፍል አልወጣችም።

መሃል ላይ አንድ ጊዜ አግብታ ነበር። ባሏ ልጅ ይመጣል ብሎ ስድስት ዓመት ጠበቀ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዞቹን በሙሉ እንድትተኩስለት ጠየቃት። ተኮሰችለት፣ አጣጥፋም ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት፤ ለሥራ ክፍለ ሀገር የሚወጣ መስሏት ነበር። በዚያው ቀረ። ይህን ታሪክ እየሳቀች የምታወራው ራሷ ናት። "አንድ ኮሌታ እንኳን ሳይጨማደድ ነው የሄደው" ትላለች። ሰው ሳይቀድማት በራሷ ላይ መሳቅ ልማዷ ነው፤ እንዲህ ሲሆን የሚያመው ይቀንሳል ብላ ታምናለች። አይቀንስም፣ ግን ማን ይንገራት።

የምትኖረው በወንድሟ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ መስኮት። ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ይገባባታል። የወንድሟ ሚስት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ጨዋ ናት፣ "እትዬ" ብላ ነው የምትጠራት፣ ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም፣ ደግ ቃልም እንዲሁ። ይህች ሚስት ባረገዘች በአራተኛው ወር ወንድምየው ወደ ጓሮ መጥቶ የእህቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ከወሊድ በኋላ ወደ ሥራ መመለሷ እንደማይቀር፣ ሞግዚት ማመን እንደከበዳቸው፣ አማቱም ሩቅ አገር እንደሚኖሩ ዘረዘረላት። ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገረ።

"እታለም፣ ሥራሽን ትተሽ ልጁን አንቺ ብትይዢልን ምን ይመስልሻል?"

እሷ ምን ይመስላታል። አስቤ እነግርሃለሁ ብላ ሸኘችው፤ በማግስቱ ጠዋት ግን የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዋ አስተዳደር ቢሮ ገብቶ ነበር። ሕፃኑ በሚወለድበት ወር መጨረሻ እንድትለቅ ተስማሙ። እስከዚያ ድረስ ተተኪዋን ራሷ ታሠለጥናለች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያንን ልጅ ከልኩ በላይ ነው የፈለገችው። ገና ሳይወለድ በሆዷ ስም አውጥታለት ነበር፤ ለማንም አልነገረችም። ከጠረጴዛው ላይ ትኩስ የትራስ ልብስ ስታነሳ፣ ጥቅሉን እንደ ሰው ደረቷ ላይ አስደግፋ ወደ መደርደሪያው ትወስደዋለች። አንድ ቀን እንዲያውም ጀርባውን መታ መታ ስታደርገው ተያዘች። አጣቢዎቹ ሴቶች ለሳምንት ያህል "ግሳት ወጣለት?" እያሉ ሲያሾፉባት ሰነበቱ።

ኪሮሽ ልማር ያለችው በዚሁ ሰሞን ነው። የሆስፒታሉን የተቀደደ አንሶላ የምትጠግን አንዲት ምላሷ እንደ መርፌዋ የሰላ ሴት አለች፤ ጠጋኟ እንበላት። የምሳ ሰዓት ላይ ታስተምራት ጀመር። ጀማሪ ሁሉ በሕፃን ብርድ ልብስ ነው የሚጀምረው አለቻት፤ እጅጌ የለው፣ አንገት የለው፣ ቁልፍ የለው፤ ሄዶ መመለስ ብቻ ስለሆነ ደደብም አያቅተውም። መጀመሪያ ሰማንያ ዓይን ያለው ሰንሰለት ትሠሪያለሽ። ከዚያ ኪሮሹን በዓይኑ አስገብተሽ ክር ትስቢያለሽ፣ አንዴ ትጠመጥሚና በሁለቱ ቀለበት ታሾልኪዋለሽ። ጫፍ ስትደርሺ ሥራውን ገልብጠሽ ትመለሻለሽ። ስትሄጂ ሰማንያ፣ ስትመለሺ ሰማንያ።

ዓይን የሚሉት ክር ክርን ሲያቅፍ የሚተወውን ቀዳዳ ነው። አንዱን ዘልሎ ያለፈ ሰው ዓይን ጣለ ይባላል። ይህችን አባባል ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ሰው ከቤቱ የምታስወጣው እሷ ናት።

ተኳሿ ዓይን ትጥል ነበር። የመስመሩ የመጨረሻዋ ዓይን ጫፉ ላይ ተንጋዳ ነው የምትተኛው፤ ጀማሪ ሲያያት ያለቀ ይመስለዋል። እሷም ያለቀ እየመሰላት ሰባ ዘጠኝ ላይ ትመለሳለች፣ ከዚያ ሰባ ስምንት ላይ፣ ከዚያ ሰባ ሰባት ላይ። በሠላሳኛው መስመር ብርድ ልብሱ ከታች ሰፍቶ ከላይ ጠቦ ቁጭ አለ። ጠጋኟ ዘርግታ ለአጣቢዎቹ አሳየቻቸው፤ ይህ ልጅ የሚወለደው ባንድ እግር ነው እንዴ አለች። ከዚያም "ተርትሪው" አለቻት። ተረተረችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ፈዛዛ ቢጫው ክር መፈታት በዝቶበት ፀጉር አወጣ።

"ልጅ መውለድ እንኳን ከዚህ ይቀላል" አለች ጠጋኟ አንድ ቀን፣ ዳቦዋን እያኘከች። "ለነገሩ አንቺ ሁለቱንም አልቻልሽበትም።"

ተኳሿ ቀድማ ሳቀች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው በእሷ ጠረጴዛ በኩል ሲያልፍ ሰላምታው "ዛሬስ ስንት ዓይን ጣልሽ?" ሆነ። እሷም ትመልስላቸዋለች፤ ሁለት ትላለች፣ አምስት ትላለች። ከስንት ዓመት በኋላ የራሷ የሆነ ቀልድ ማግኘቷ ደስ ሳይላት አልቀረም።

እሁድ እሁድ ደግሞ ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ትሠራለች። ሚስትየው እግሯ ስለሚያብጥ መኝታ ቤት ጋደም ትላለች፤ ወንድምየው የክሩን ኳስ ጭኑ ላይ ይዞ እህቱ የምትሠራውን እያንዳንዱን ዓይን አብሯት ይቆጥራል። ሰማንያ ይደርሳል ሲባል ሰባ ዘጠኝ ላይ መስመሩ ያልቅበታል። "ዛሬም ዓይን ጣልሽ፣ እታለም" ይላታል፤ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ትንሽ ልጅ እያለ ከትምህርት ቤት መልስ እንዲህ ነበር የሚስቀው፤ እሷ እነዚያን እሁዶች ከብርድ ልብሱ አብልጣ ወደደቻቸው።

ልጁ ሊወለድ ሁለት ወር ሲቀረው የሚስትየዋ እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ከሩቅ አገር መጡ። ሶፋው ተዘረጋላቸው። ወገባቸውን እንደሚያማቸው በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። በሁለተኛው ቀን ግቢውን ዞረው አዩና የጓሮዋ ክፍል ፀሐይ ታገኛለች ወይ ብለው ጠየቁ። ተኳሿ ቤቷን ማመስገናቸው መስሏት፣ በደንብ ታገኛለች እንጂ ብላ መስኮቱን ከፍታ አሳየቻቸው።

ሕፃኑ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መጣ፤ ወንድ ነው። የተወለደው እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ስለሆነ የተጠቀለለበትን ጨርቅ የተኮሰችው እሷው ትሆናለች። ለሁለት ቀን ያየችው በመስታወት ነው፤ ያለጊዜው የመጣ ስለሆነ ከእናቱ በቀር ማንም አይነካውም ተባለ። እሺ አለች። ከእንግዲህ ዕድሜ ልኳን ልትይዘው ስለሆነ ሁለት ቀን ምንም አይደለም። ሦስተኛውን ብርድ ልብስ ለመተርተር ጊዜ አልነበረም፤ እንደተጣመመ ጫፉን ቋጠረችው፣ አጠበችው፣ በእንፋሎት ተኮሰችው። በዕድሜዋ እንደዚያ ተጠንቅቃ የተኮሰችው ነገር የለም። ጥመቱ ግን በካውያ አይቃና።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አራሷን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ሳሎኑን ሞልተው ነበር፤ አብዛኞቹ የፋርማሲው ባልደረቦች ናቸው። ተኳሿ በወረቀት የጠቀለለችውን ይዛ ገባች። ስጦታውን ለእንግዶቹ ሊያሳዩ የተቀበሏት አሮጊቷ የሚስትየዋ እናት ናቸው። ወረቀቱን ፈትተው ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙት። ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ። አንዷ እንግዳ ከንፈሯን ነከሰች።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ አሮጊቷ።

ተኳሿ ሳቅ ሊመጣ መሆኑን አየችና እንደ ልማዷ ቀደመችው። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በሳቅ የሚፈርስበትን ቃል ተናገረች።

"የልጁ ብርድ ልብስ ነው። ዓይን ጥዬበታለሁ" አለች።

ማንም አልሳቀም። እናትየዋ ሕፃኑን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችው። አሮጊቷ ብርድ ልብሱን አጠፉ፣ ደግመው አጠፉ፣ ከዚያ ከሕፃኑ ራቅ አድርገው መስኮቱ ሥር አኖሩት። ልጅ የሌላት ሴት በሰው ልጅ ላይ ዓይኔን ጣልኩ ብላ በአደባባይ ስትናገር ሰምተው ያውቃሉ? እነሱ የሰሙት ይህንን ነው። ወንድምየው የሻይ ብርጭቆ የያዘ ትሪ ተሸክሞ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም ሰምቷል። ቃሉ ከየት እንደመጣ በዚያ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ስኳር የማይፈልግ ማን እንደሆነ ጠየቀ።

ተኳሿ የተናቀው የእጅ ሥራዋ መሰላት። አፈረች፤ ሻይዋን ጠጥታ ልጁን ለማቀፍ ተራ እየጠበቀች ሳለ፣ እናትየዋ ደከመኝ ብላ ይዛው ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ማክሰኞ ሕፃኑ አተኮሰ። ነርሷ ያለጊዜው በመጣ ልጅ የተለመደ ነው፣ በሁለት ቀን ይተወዋል አለች፤ በሁለት ቀንም ተወው። ለአሮጊቷ ግን ሁለት ቀን ብዙ ነው። ረቡዕ ማታ ተኳሿ ከሥራ ስትመለስ ብርድ ልብሱን በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ አልጋዋ ላይ አገኘችው። ሐሙስ ልጁን ልይ ብላ ስትሄድ እየጠባ ነው ተባለች። ዓርብ እየታጠበ ነው። ያ ዓርብ የመጨረሻው የሥራ ቀኗ ነበር። አጣቢዎቹ ኬክ ቆረሱላት፤ ጠጋኟም ብታፍርም አቀፈቻት። አዲሷ ልጅ ቦታዋ ላይ ቆማ አንሶላ ስትተኩስ ትታት ወጣች። እጇ ጥሩ ነው፣ ራሷ ናት ያስተማረቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራዋን ልትጀምር ወደ ዋናው ቤት ሄደች። ፀጉሯን አስራ፣ ጥፍሯን ቆርጣ፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ። አሮጊቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ አገኟትና አላሳለፏትም።

"የኔ እህት፣ አንቺ ለዚህ ልጅ አትሆኝም" አሏት፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "በገዛ አፍሽ ነው የተናገርሽው። ዓይኔን ጥዬበታለሁ አልሽ፤ የሰማው ሰው ብዙ ነው።"

ተኳሿ ለጊዜው የተሰማት እፎይታ ነው። ለካ ነገሩ ይህ ነበር። ሳቋ መጣ። እየሮጠች ወደ ክፍሏ ሄዳ ብርድ ልብሱንና ኪሮሹን አመጣች፤ ይኸው ዓይን የሚባለው ይሄ ነው፣ ይኸው የዘለልኩት፣ ይኸውልዎ ሰማንያ የነበረው እዚህ ጋ ሃምሳ ሆነ እያለች በጣቷ ታሳያቸው ጀመር። አሮጊቷ እጃቸውን አጣምረው አስጨረሷት። ፊታቸው የሚያዳምጥ ሰው ፊት አልነበረም፤ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ነው የቆሙት።

"ወንድሜን ይጠይቁት" አለች በመጨረሻ። "አብሮኝ ሲቆጥር ነበር። እሱ ያውቃል።"

"ጠይቀነዋል።"

"ምን አለ?"

"ስለ ክር ምን አውቃለሁ አለ" አሏትና በሩን ዘጉት።

ያን ቀንና ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈችው አልተርክም፤ ለማንም አይጠቅምም። ሳትዋሽ ለራሷ አንድ ነገር አመነች። ዓይኗን ጥላበታለች። ከተረገዘ ጀምሮ ሌላ ነገር አይታ አታውቅም። አሮጊቷ የተሳሳቱት በቃሉ እንጂ በነገሩ አልነበረም፤ ይህን ማወቁ ደግሞ ከስድቡ በላይ አንገበገባት። እንደዚያ መውደድ ወንጀል የሆነበትን ቀን ግን ማንም አልነገራትም።

እሁድ ከሰዓት ወንድምየው ወደ ጓሮ መጣ። አልተቀመጠም፤ አንድ እጁን የበሩ መቃን ላይ አድርጎ ቆመ። እሷ አልጋው ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችው።

"ምን ለማለት እንደፈለግኩ ታውቃለህ" አለችው።

"አውቃለሁ፣ እታለም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?"

ጫማውን አየ። እማማ የሚላቸው አማቱ ወገባቸውን እያመማቸው ሶፋ ላይ መተኛት እንዳልቻሉ፣ ሚስቱም ልጁን የገዛ እናቷ እንዲይዙላት እንደምትመርጥ፣ ሐኪሙም ብርሃን ያለበት ክፍል ይሻላቸዋል እንዳለ ተናገረ። ሲናገር ቀስ እያለ፣ ቃሉን እየመረጠ ነበር፤ የተማረ ሰው ነው። እንዴት ብሎ እንደሚነግራት ሲያስብ እንደሰነበተ ጨመረበት። ተኳሿ ያን ጊዜ ገባት። ያቺ እሁድ ትሪውን ተሸክሞ በሩ ላይ የቆመው ወንድሟ አልደነገጠም፤ ተገላገለ እንጂ። ራሱ ሊናገረው ያፈረውን ነገር እሷ በአፏ ጀመረችለት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ስታስብ የነበረው?" ብላ ጠየቀችው።

"እማማ ከመጡ ወዲህ።"

ወደ ሁለት ወር ገደማ ማለት ነው። በጣቷ ሳይሆን በልቧ ቆጠረችው፤ ያን ያህልማ ቆጠራ ተምራለች። እሳቸው ሲመጡ አዲሷ ልጅ ገና አልተቀጠረችም ነበር። ደብዳቤዋን ለማስመለስ አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አለቃዋ ሁለት ጊዜ አስቢበት ብላታለች። እሱ ግን እያንዳንዱን እሁድ የክሩን ኳስ ጭኑ ላይ ይዞ ሲቆጥርላት ከረመ።

"ሥራዬን ሳልለቅ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ትቀየሚያለሽ ብዬ ፈራሁ" አላት።

ሃያ ሰባት ዓመት ተኩሳ ያሳደገችው ሰው ይህ ነው። መጮህ ትችል ነበር፤ መስደብም መብቷ ነበር። ግን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ለጠየቃት ሁሉ እሺ ስትለው ስለኖረች ሌላ መልስ አፏ ላይ አልመጣላትም። ክፍሏን እስከ ቅዳሜ ብትለቅላቸው ጥሩ እንደሆነ ሲነግራት እሺ አለችው። ዕቃ ለማጓጓዝ ሰው እልካለሁ ሲላት፣ አንድ ቁም ሳጥን ምን ሰው ያስፈልገዋል አለችው። ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አስተካከለች።

"ከመሄዴ በፊት ልጁን አንዴ ልቀፈው" አለች። "እስካሁን እኮ አላቀፍኩትም።"

ወንድሟ ወደ ዋናው ቤት ዞር ብሎ አየ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር፤ ሕፃኑ ጉሮሮው እስኪሻክር እያለቀሰ፣ አሮጊቷም እሽሩሩ እያሉት ነበር።

"ተኝቷል፣ እታለም" አላት።

ሁለቱም እንደቆሙ ልቅሶውን ሰሙት።